የመርማሪው ኮት

ሚስቱ ኮቱን ስታሸት እጅ ከፍንጅ ያዛት። ፊቱን ሊታጠብ ገብቶ፣ ፎጣ ረስቶ ቢመለስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ቁም ሳጥኑ ፊት ቆማ የኮቱን ግራ ኪስ ገልብጣ አፍንጫዋን ቀብራበታለች። ከኪሱ ወደ ኮሌታው፣ ከኮሌታው ወደ እጅጌው ጫፍ፣ ደግሞ ተመልሳ ወደ ኪሱ። በሩ ሲንቋቋ ደነገጠችና ኮቱን ማራገፍ ጀመረች። «አቧራ ጠጥቷል» አለች ፊቷን ሳታዞር። አቧራ በአፍንጫ መፈለግ የተጀመረው መቼ ነው ሊላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ውሃው ተመለሰና ፊቱን ከሚገባው በላይ አሸው። የምትፈልገውን ያውቃል። የምትፈልገው ሲጋራ ነው።

ሰውየውን የማያውቅ ሰው፣ ሚስት የባሏን ኪስ ብታሸት ምን ይገርማል ይል ይሆናል። የሚያውቀው ግን ወይ ጉድ ማለቱ አይቀርም። ይሄ ሰው የባለ አምስት ፎቁ ሕንፃ ጠባቂ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃ ሲጠርግ፣ አምፖል ሲቀይር፣ የሚፈስ ቧንቧ ሲዘጋ ኖሯል። ዝናው ግን በመጥረጊያ አልመጣም፣ በሲጋራ ጥላቻ ነው የመጣው። በየፎቁ ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ በቀይ ቀለም «ማጨስ ክልክል ነው» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ በትናንሽ ፊደል «ማን እንደሆንክ አውቄያለሁ» ይላል። ደግሞም ያውቃል። ደረጃ ላይ የወደቀች ቁራጭ ባገኘ ቁጥር መዳፉ ላይ አድርጎ፣ አምፖል ሥር ወስዶ፣ ገልበጥ መለስ አድርጎ ያያታል። ሁለት ላይ የታጠፈች ከሆነች የሚስቱ ታናሽ ወንድም የታክሲ ሾፌሩ ናት። ግማሽ ድረስ ብቻ ተጭሳ የተጣለች ከሆነች፣ በየቀኑ ዛሬስ አቆምኩ እያሉ የሚምሉት የሦስተኛ ፎቁ ጡረተኛ አስተማሪ የቲቸር ናት። ቁራጯን ይዞ በራቸው ድረስ ይወጣና አንኳኩቶ «ቲቸር፣ ዕቃ ረስተዋል» ይላቸዋል። የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች የእሱን ኮቴ ሲሰሙ የሚጨስ ሲጋራ ኪሳቸው ውስጥ እየከተቱ ስንት ሱሪ አቃጥለዋል። ሰው ሁሉ በሌለበት «መርማሪው» ይለዋል። ታዲያ መርማሪው ጉሮሮውን ካንሰር ያዘው ተብሎ ሲወራ፣ የሰው አፍ መቼም ዝም አይል፣ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ተባለ። ከዚያም ባሰ፣ ለካ በድብቅ ሲያጨስ ኖሯል ተባለ።

ነገሩ የተጀመረው በሸሚዝ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምድር ቤት ባለችው አንዲት ክፍላቸው መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን አቁማ የሠፈሩን የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። እሱ የሚለብሰው ሸሚዝ ሁሉ ከእጇ የወጣ ነው። ከሦስት ወር በፊት የሰፋችለት አዲስ ሸሚዝ ኮሌታው አልቆለፍ ሲል፣ ተሳስተሻል አላት። ሰፊን ተሳስተሻል ማለት ሾፌርን መንዳት አትችልም እንደማለት ነው። ሜትሯን አውጥታ አንገቱን ብትለካው፣ ዕድሜ ልኩን ሠላሳ ዘጠኝ የነበረ አንገት አርባ ሁለት ሆኖ ቁጭ። ሆዱ አልጨመረ፣ ትከሻው አልጨመረ፤ ሰው አንገቱ ብቻ ይወፍራል እንዴ? በጣቷ ስትዳስሰው በቀኝ በኩል ከመንጋጋው ሥር የማያም እብጠት አገኘች። ያኔ ጎትታ ሐኪም ቤት ባትወስደው ዛሬም ከኮሌታው ጋር እየተሟገተ ይኖር ነበር። ናሙና ተወሰደ፣ ቶንሲሉ ላይ ካንሰር ነው ተባለ። ቅጹን የምትሞላው ነርስ «ስንት ዓመት አጨሱ?» አለችው። አጭሼ አላውቅም አላት። «በቀን ስንት ፍሬ?» አለችው። አላጨስኩም እኮ አላት። ነርሷ አንድ ነገር ጻፈችና ዓይኗን ቀና አደረገች፤ ያየችው ግን እሱን ሳይሆን ሚስቱን ነበር። ያቺ አንዲት እይታ ቤቱን አመሰችው። ኮት ማሸት የተጀመረው በማግስቱ ነው።

ዛሬ የሁለተኛው ምርመራ ውጤት የሚነገርበት ቀን ነው። በሽታውን አልፈራም ማለት ውሸት ነው፣ ፈርቷል። ግን በሽታ ሐኪም አለው። ሐኪም የሌለው የሚስቱ ዝምታ ነው። ስትቆጣው ኖራለች፣ ስታኮርፈው ኖራለች፤ እንዲህ ሳትጠይቀው ግን ኖራ አታውቅም። አጭሰሃል ወይ ብላ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው ይምል ነበር። እሷ ግን ሻዩን ትቀዳለታለች፣ ዳቦውን ትቆርስለታለች፣ ከዚያ ከቤት ሲወጣ ትራሱን ታሸታለች። ሕክምናው ሳይጀመር ይቺ ሴት ብታምነኝ፣ ሌላ አልፈልግም ይላል በሆዱ።

ኮቱን ለብሶ ሲወጣ ከበላዩ ደረጃ ላይ ድምፅ ሰማ። ቲቸርና የሚስቱ ወንድም ናቸው። «እኛን የሚያባርረው ለካ ቦታው እንዲለቀቅለት ነው» አሉ ቲቸር። ሾፌሩ ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ቀላቅሎ ወረደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን ያን ቀን ዘመድ ሆና ሁሉንም ነገረችው። ሆን ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ላይ ቤት ጸጥ አለ። ቲቸር በከዘራቸው እየተደገፉ ወረዱና ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «አይዞህ ወንድሜ፤ ድክመት የሌለበት ሰው የለም» አሉት፣ በእውነተኛ ርኅራኄ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ያ ርኅራኄ ቆሽቱን አሳረረው።

ሾፌሩ በታክሲው አደረሳቸው። ሚስቱ ከኋላ፣ እሱ ከፊት። መንገዱ ተጨናንቆ ነበርና መብራት ላይ ቆመው ሳለ ሾፌሩ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ካስፈለገህ እዚህ ሳጥን ውስጥ አለ፤ እኔ ለማንም አላወራም» አለው። ምን እንዳለ የገባው ሁለተኛው መብራት ላይ ሲደርሱ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ሚስቱን አያት። ወደ ውጭ እያየች ነበር፤ የሰማች ግን ይመስላል፣ ምክንያቱም የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች እየፈታች ነው። እንዲህ እንዳለች ሐኪም ቤቱ ደረሱ።

ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ አግዳሚ ወንበሮቹ አረንጓዴ፣ ሰዉ ብዙ። ስሙ ሲጠራ አብራው ትገባለች ብሎ ነበር። «ግባ አንተ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችው። «ክፉ ከሆነ ቆሜ አልሰማውም፤ ወጥተህ ቁጭ እንዳልኩ ንገረኝ።» ብቻውን ገባ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ተቆልሏል፣ መስኮቷ ላይ አንዲት የደረቀች አበባ አለች። መጀመሪያ ያየችው ወረቀቱን ሳይሆን እሱን ነው።

«አባቴ፣ አጭሰው አያውቁም አይደል?»

ዕንባው መጣ። ሊመልሰው ቢል አልቻለም፤ በእጁ ጀርባ ጠረገው። «አንዲትም» አለ።

«አምንዎታለሁ። የእርስዎ ከሌላ ነገር ነው የመጣው፤ ከቫይረስ ነው።»

ከዚያ አስረዳችው። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይባላል። የራስና የአንገት ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም አለችው፤ አፍ ውስጥና የድምፅ ሳጥን ላይ የሚነሳው አሁንም በአብዛኛው የሲጋራና የመጠጥ ጣጣ ነው፣ እዚያ ቫይረሱ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ቶንሲልና የምላስ ሥር ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። አገር ለአገር ይለያያል እንጂ በአንዳንድ አገሮች ከእንዲህ ዓይነቱ ታማሚ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚህ ቫይረስ ነው፤ ብዙዎቹም አጭሰው የማያውቁ ናቸው። «ደስ የሚለው ደግሞ» አለች፣ ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ከቫይረስ የሚመጣው ለሕክምና ይታዘዛል። ከሲጋራው ይልቅ በጨረርና በመድኃኒት የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው። ቀላል ነው አልልዎትም፣ ጉሮሮዎ ይቆስላል፣ ምግብ ያስቸግርዎታል። ግን ልናድንዎት ነው የምንጀምረው።»

ወንበሩ ላይ ተዝናንቶ የተቀመጠው በሁለት ወር ውስጥ ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ነጻ ወጣ ማለት ነው። አሁን ወጥቶ ለሚስቱ፣ ለሾፌሩ፣ ለቲቸር፣ ለአምስቱም ፎቅ… «ይሄ ቫይረስ ግን ከየት ነው የሚመጣ?» አለ፣ ነገሩን አሟልቶ ሊያወራ ፈልጎ። ምነው ባልጠየቀ።

«ከሰው ወደ ሰው ነው። በግንኙነት፣ በመኝታ፤ በአፍም ይተላለፋል። በኩባያ፣ በሳህን አይደለም።»

ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። ሐኪሟ ይሄን እይታ ብዙ ጊዜ አይታዋለች መሰለኝ፣ ሳትጠየቅ ቀጠለች። እዚያ ኮሪደር ላይ ከተቀመጡት ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ቀን ይዟቸው ያውቃል፣ ሳያውቁት መጥቶ ሳያውቁት ሄዷል አለችው። ከጥቂቱ ሰው ውስጥ ግን አይወጣም፤ ሃያ ሠላሳ ዓመት ተደብቆ ይቀመጥና አንድ ቀን ብቅ ይላል። ማን ከማን እንዳመጣው ማንም ሐኪም አያውቅም፤ የክፉ ሰው ምልክትም አይደለም። ሚስትዎም እንደ ማንኛዋም ሴት የማኅፀን በር ምርመራዋን በጊዜው ታድርግ፣ ከዚያ ያለፈ አዲስ ነገር የለም አለችው። በመጨረሻ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጠችው፤ ሁሉም ነገር በጥያቄና መልስ ተጽፎባታል። አመስግኖ አራት ላይ አጠፋትና ግራ ኪሱ ውስጥ ሸጎጣት።

ልብ በሉ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ከሲጋራው ነጻ የሚያወጣው ቃል ሌላ ጓዳ ይከፍታል። ሚስቱ እሱን ከማግባቷ በፊት ሌላ ባል ነበራት፤ ሁለት ዓመት ኖራ ሞቶባታል። ስሙ ቤታቸው ውስጥ አይነሳም፣ እንዲያ ነው የተስማሙት። እሱ ደግሞ ሲያገባት «እኔ ከአንቺ በፊት ሴት አላውቅም» ብሏታል። ውሸቱን ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነው መንገድ ሥራ ላይ ሳለ፣ ለሠራተኛው ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ነበረች፤ አንድ ክረምት አብረው ከርመዋል። ያኔ እውነቱን ቢናገር ምን ነበረበት? ምንም አልነበረበትም። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ አንዴ አፉ አመለጠውና ያቺ ቃል የሚስቱ ጌጥ ሆነች። ስትጣላውም ስትታረቀውም «እኔ እኮ የመጀመሪያህ ነኝ» ትላለች። ታዲያ አሁን ቫይረስ ነው ቢላት ከየት አመጣኸው ልትለው ነው። ወይ አብረን እየኖርን ነው የሄድክብኝ ትላለች፣ ወይ ጌጧን ከአንገቷ ሊያወልቅ ነው። ከሐኪሟ ክፍል እስከ አግዳሚው ሃያ እርምጃ ነው፤ ሃያውንም ሲያስብ ደረሰ።

«ምን አለች?» አለች፣ ቃሏን ጠብቃ ቁጭ እንዳለች።

«ይድናል አለች። ሰኞ ለጨረሩ የፊትና የአንገት ጭንብል ይለኩልኛል።»

እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ በጣቶቿ መሀል አየችው። «ከምን መጣ አለች?»

«ሰው በዝቶባት ነበር፤ አልጠየቅኳትም» አላት። እንደማታምነው አየ። ተነስታ ሻርፗን አስተካከለችና ቀድማው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ መጥረጊያውን ይዞ ወጣ። ሰው ሐሳብ ሲይዘው የሚጠርገው ደረጃ ይጠራል፤ ያን ቀን የሕንፃው ደረጃ ተስሎ የተሰጠ መሰለ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ወሰነ። አጨስ ነበር ይላታል። በቃ። ቀድሞውኑ አምናዋለች፣ ቀድሞውኑ ተጎድታበታለች፤ አዲስ ቁስል ከሚከፍት የተከፈተውን ይዞ ይቅርታ ቢጠይቅ ይሻላል። ስሙ ይጠፋል፣ ይጥፋ። ግን መርማሪ ነውና ያለ ዝርዝር የሚቀርብ የእምነት ቃል እንደማያሳምን ያውቃል። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ የቲቸርን በር አንኳኳ። ቲቸር ሲያዩት እጃቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ፤ ከኋላቸው ጭስ ይወጣል።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ሰው ሲጋራ ሲጀምር በቀን ስንት ነው የሚያጨሰው?»

ቲቸር በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚህ ሰው ይመጣል ብለው አልመው አያውቁም። እንደ ጥሩ አስተማሪ መነጽራቸውን አድርገው አስረዱት፤ መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ጭንቀት ካለ ስምንት። የሚያጨሱትን ዓይነት ነገሩት፣ ጠዋት ባዶ ሆድ ላይ ያለውን ስሜት ነገሩት፣ ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ጣሪያ ላይ ወጥተው ያጨሱ እንደነበር ነገሩት። እሱም ሁሉንም በልቡ ያዘ። ሲወርድ ከኋላው፣ «አሁን ግን ብታቆም ነው የሚሻልህ ወንድሜ» አሉት። እሺ አላቸው፤ ሌላ ምን ይላል?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ክፍላቸው ሲገባ ሚስቱ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ትሰፋለች። ሾፌሩ ውጭ ታክሲውን ያጥባል፣ ጃኬቱ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ምድጃው ላይ የአትክልት ሾርባ እየተንፈቀፈቀ ነው፤ ለጉሮሮው ብላ አልማ አልማ የቆረጠችው። ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠና ጉልበቱን ያዘ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። አጨስ ነበር።»

መኪናው ቆመ። «ስንት?»

«በቀን አራት። ጭንቀት ሲኖር ስምንት።»

«የት?»

«ጣሪያ ላይ።»

«የቱን?»

የቲቸርን ዓይነት ነገራት። ባዶ ሆድ ላይ ያለውንም ስሜት ጨመረላት፤ ምንም አልተወም። እያየችው ነበር፤ ዓይኗ ውስጥ ግን ያልጠበቀው አንድ ነገር አለ፣ ቁጣ አይደለም፣ ኀዘንም አይደለም። ተነሳችና ከወንድሟ ጃኬት ኪስ ፓኮውን አወጣች። አንዲት ሲጋራ መዘዘችና ሰጠችው፤ ከምድጃው አጠገብ ክብሪቱን አነሳች። «እስቲ አሳየኝ» አለች።

«አሁን? ሐኪሟ ብትሰማ…»

«ጭሱን እንዳትስበው። በቀን ስምንት የሚያጨስ ሰው አያያዙን እንኳ ልየው።»

ተቀበላት። እንግዲህ ይሄ ሰው በዕድሜው አሥር ሺህ ሲጋራ አይቷል፣ ሁሉንም ግን ያየው ካለቀ በኋላ ነው። ለእሱ ሲጋራ ማለት የሚጣለው ቡናማ ጫፍ ነው፤ ሌላው ጎን ምን እንደሆነ አስቦበት አያውቅም። ነጩን ጫፍ ከንፈሩ መሀል አስገባ፣ ቡናማውን ወደ እሷ ዘረጋ። ሚስቱ ክብሪቱን ለኮሰች፤ ፊልተሩ ቀለጠ፣ ጠቆረ፣ ክፍሏን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላት። እፍ ብላ አጠፋችውና ከአፉ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ከዚያ ሳቀች። ወንበር ይዛ፣ ጎኗን ይዛ፣ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እሱም ምኑ እንዳሳቃት ሳይገባው ለመሳቅ ሞከረ።

ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረ። ቁጭ አለችና ከምትሰፋው ጨርቅ ሥር አንዲት አራት ላይ የታጠፈች ወረቀት አወጣች። አወቃት።

«ኮትህን አሸተትኩት» አለች። «ይሄ የመጨረሻዬ ነው ብዬ። ኪስህ ውስጥ እሷን አገኘሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኳት።» ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ በመዳፏ ደጋግማ ዘረጋጋች። «እኔ ባል ነበረኝ። አንተ ግን ከእኔ በፊት ማንንም አታውቅም። ታዲያ ከየት ይመጣል? ከእኔ ነዋ። ሁለት ወር ሙሉ የሌለ ሲጋራ ስፈልግብህ ከረምኩ፣ ያመጣሁብህ እኔ ሆኜ። አንተ ደግሞ እንዳላዝን ብለህ ስምህን ታጠፋለህ። በቲቸር ሲጋራ!» አፏን በጨርቁ ያዘች።

የጠባቂው ነገር እዚህ ላይ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶለታል። ሲጋራው የለም፣ ሚስቱ አምናዋለች፣ ይባስ ብሎ ደግ ሰው ሆኗል፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ከጠዋት ጀምሮ የተመኘው ሁሉ ከፊቱ ቀርቧል። ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ያ ትከሻ የእሱን ሸክም ተሸክሞ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«እኔም ነበረችኝ» አለ።

«ምን?»

«መንገድ ሥራ ላይ። ልብስ የምታጥብ ሴትዮ ነበረች። አንድ ክረምት። ላንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ ያልኩት ወግ መስሎኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማውረዱ አቃተኝ። ካገባሁሽ ወዲህ ግን ማንም የለም፤ በዚህች እምልልሻለሁ» አለና እጇን ያዘ። «እንግዲህ ካንቺ ይሁን ከሷ ማን ያውቃል? ሐኪሟም አታውቅም። ብቻሽን አትሸከሚው።»

ሾርባው ተንፈቀፈቀ። ውጭ ሾፌሩ ባልዲ ሲደፋ ይሰማል። ሚስቱ መርፌ የያዘውን ጨርቅ ታያለች፣ እሱ እሷን ያያል። እጇን ግን አልነጠቀችውም።

«ቆንጆ ነበረች?» አለች በመጨረሻ።

«አላስታውስም።»

«ውሸታም።»

«ፍንጭት ነበረች» አለ፣ ተሸንፎ።

ቀና ብላ አየችው። «ሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያህ ነኝ ብዬ ስኮፈስ ዝም ብለህ ሰማኸኝ!» አለች፤ ቁጣው እውነተኛ ነበር፣ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር እየፈላ ነበርና ከአፏ ሲወጣ ሳቅ ሆነ። እሱም ሳቀ፣ አሁን ምኑ እንዳሳቀው እያወቀ። ጉሮሮውን አመመው፤ ቢሆንም ሳቀ።

በዚህ መሀል ሾፌሩ እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባና ጃኬቱን አነሳ። አጫሽ ፓኮውን በደመ ነፍስ ይቆጥራል። «አንዲት ጎድላለች» አለ። እህቱ አፏን ስትከፍት ጠባቂው ቀደማት። «እኔ ነኝ የወሰድኳት» አለ። ሾፌሩ ፊቱ በርኅራኄ ተሞላ። «ጋሼ፣ ብትጠይቀኝ እኮ…» ሲል ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አያት። አነሳት፣ መዳፉ ላይ አደረጋት፣ አምፖል ሥር ወሰዳት፣ ገልበጥ መለስ አደረጋት። ሃያ ሁለት ዓመት ሲደረግበት የኖረውን እሱም አደረገው።

«ይሄን በዚህ በኩል የለኮሰ ማነው?»

እህቱ ሳቋን ለመያዝ ክር በጥርሷ ነከሰች። ሾፌሩ ሲጋራዋን አየ፣ ጋሼን አየ፣ ደግሞ ሲጋራዋን አየ፤ ቀስ በቀስ ገባው። «አንተ ሰው አንዲትም ቀን አላጨስክም» አለ፣ ድምፁ እየቀነሰ። «ይቅር በለኝ ጋሼ። ታዲያ ከምን መጣብህ?»

«አንተም ሳታውቀው ይዞህ ሊያውቅ ከሚችል ነገር» አለች እህቱ። «ነገ እነግርሃለሁ። ራት ቀርቧል፣ ቁጭ በል።»

ሾፌሩ ግን ቲቸር ማየት አለባቸው ብሎ ሲጋራዋን እንደያዘ ወጣ። ጠባቂው ጠዋት ቢሆን ለዚህ ማስረጃ አንድ ጥርሱን ይሰጥ ነበር፤ አሁን «ተወው፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» ብሎ ተጣራ፣ ሾፌሩ አልሰማውም። ሦስተኛ ፎቅ በር ሲከፈት ተሰማ፣ ከዚያ የቲቸር ሳቅ ከነሳሉ ደረጃውን ሞላው። አራተኛ ፎቅም በር ተከፈተ። ሚስቱ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አወረደችና ከኋላው ቆመች።

«ቀና በል» አለችው፤ ለካችው። «አርባ ሁለት። ሕክምናው ሲያልቅ እንደገና እለካሃለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ካልሆነ እኔና ሐኪሟ እንነጋገራለን። እስከዚያ ኮሌታው ሰፊ የሆነ ሸሚዝ እሰፋልሃለሁ።» ሜትሩን ከአንገቱ ሳታወርድ ጠየቀችው። «ፍንጭቷ በላይኛው ጥርሷ ነበር?»

«ለኪ ዝም ብለሽ» አላት።

ሁለት ሳህን ሾርባ ቀዳች፤ የእሱን እንዲቀዘቅዝለት ለብቻ አስቀመጠችው። ጠረጴዛውን ስታስተካክል ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳችው። መርማሪው ማንኪያውን እንደያዘ ተከታተላት። ኮቱን አንዴ አራገፈችው፣ ኮሌታውን አቃናችው፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀለችው፤ አላሸተተችውም።